መብራቱን የሚያጠፋው ሾፌር

ይገዙ ጥላውንም አያምንም ይሉት ነበር፤ ነገሩ ግን ከዚያም የባሰ ነው። ጠዋት ኮልፌ ደጁ ላይ የማያውቀው የእግር ዱካ ካየ ቁርሱን አይቀምስም። ጎረቤት «እንደምን አደርክ?» ሲለው፣ «ደህና» ከማለቱ በፊት ሰውየው ዛሬ ለምን ቀድሞ ሰላም እንዳለው ያሰላስላል። አንድ ቀን ሚስቱ ዋጋነሽ ወጡ ላይ ጨው ብታበዛ «ምን አስበሽ ነው?» አላት። እሷም የዋዛ አልነበረችምና «ጨው ነዋ» ብላው ወደ ጓዳዋ ገባች።

እንፍረድለት እንጂ፣ ሰውየው እንዲህ ሆኖ አልተወለደም። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የአንድ ደጃዝማች ሾፌር ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ መኪና መንዳት ልጆች ከኋላ እየሮጡ የሚያጅቡት፣ ሽማግሌ ቆሞ የሚያሳልፈው ሹመት ነበርና ይገዙም ሳቂታ፣ ትንሽም ጉረኛ ነበር። ደጃዝማቹ ዘምተው ቀሩ፤ መኪናዋን ጣሊያን ወረሳት። ከዚያ የየካቲት ፍጅት መጣ። ወታደሮቹ ኮልፌ ወጡና በዚያ ሁሉ ቤት መሀል የማንንም በር ሳያንኳኩ ቀጥ ብለው የወንድሙን የሀብተሥላሴን ቤት ገፍተው ገቡ። ወሰዱት፤ በዚያው ቀረ። ይገዙን ከሐዘኑ በላይ የበላው ያ ቀጥ ብሎ መምጣታቸው ነው። ቤቱን ሰው አሳይቷቸዋል። ያ ሰው ለቅሶው ላይ ከጎኑ ተቀምጦ ንፍሮ ሲቆረጥም የነበረ ሊሆን ይችላል። ማን እንደሆነ ስላልታወቀ ይገዙ ሁሉንም መጠርጠር ጀመረ፤ ከጀመረ በኋላ ደግሞ የሚያቆምበት ቦታ አጣ።

በ1931 ዓ.ም. አንድ ጣሊያን ኮንትራክተር ከሆለታ በኩል ግንድ የሚያመላልሱለት ሁለት ካሚዮኖች ነበሩት። ነጭ ሾፌር ቢያጥረው ይገዙን ቀጠረው። እንጀራ ነው፤ ሌላም ምክንያት ነበረው። ይገዙ ባዶውን ወደ ላይ በሚወጣበት ቀን ሁሉ ከመቀመጫው ሥር አንዲት ጆንያ ትጓዛለች። ዋጋነሽ በእጇ የሰፋቻት፣ ጨውና ኪኒን፣ አንዳንዴም ፋሻ ያለባት ናት። አስኮን አልፎ መንገዱ ከሚታጠፍበት፣ ከድልድዩ ወዲህ ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ሲደርስ ይጥላታል። ጫካ ላሉት አርበኞች የሚያደርሳት ሌላ ነው፤ ማን እንደሆነ ይገዙ አያውቅም፣ ማወቅም አይፈልግም። ይህች ጆንያ ከተያዘች ገመድ እንደምታስጠልቅ ግን በደንብ ያውቃል።

እንግዲህ ወዬሳ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሁለተኛው ካሚዮን ሾፌር አጥቶ ቆሞ ስለነበር ኮንትራክተሩ ከቡራዩ አካባቢ አንድ ሸምገል ያለ ሰው አመጣ። ወዬሳ ጸጉሩ ጆሮ ግንዱ ላይ የሸበተ፣ ብዙ ዘመን በቅሎ ጭኖ ከነጋዴ ጋር ጅማና ነቀምቴ የተመላለሰ ሰው ነው። መኪና የተማረው በስተርጅና፣ ለአንድ ጣሊያን ረዳት ሆኖ ነው፤ ሲነዳም መሪውን የሚይዘው እንደ በቅሎ ልጓም ለስለስ አድርጎ ነው። አንዱ ባዶውን ሲወጣ ሌላው ጭኖ ስለሚወርድ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ እዚያው መታጠፊያው አጠገብ ይገናኛሉ።

በመጀመሪያው ሳምንት ይገዙ ካሚዮኑን አቁሞ ጆንያዋን ከመቀመጫው ሥር ጎትቶ ሊወረውር ሲል የወዬሳ ካሚዮን መታጠፊያውን ዞሮ ብቅ አለ። መብራቱ ይገዙ ላይ አረፈ። ወዲያውም ድርግም ብሎ ጠፋ። ካሚዮኑ ጨለማ ውስጥ ቀስ ብሎ፣ ግንዱ እየተንቋቋ አጠገቡ አለፈ፤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄዶ መብራቱ መልሶ በራ። ይገዙ ጆንያዋን እንዳቀፈ ደርቆ ቀረ።

ያን ሌሊት አልተኛም። መብራት በራሱ አይጠፋም፤ ያጠፋው አለ። ደግሞ ማንን አይቶ ነው የሚያጠፋው? በማግስቱ ወዬሳን ግቢው ውስጥ ሲያገኘው ፊቱን አጠና። ወዬሳ «እንዴት አመሸህ ወንድሜ?» ብሎ እጁን ጨበጠው፤ ስለ መብራቱም ስለ ጆንያዋም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይገዙም በሆዱ፣ ይህ ሰው ያየውን የማይናገረው ለሌላ ሊናገረው ስላሰበ ነው አለ። ከዚያ በኋላ በተገናኙ ቁጥር፣ ይገዙ ቆሞም ይሁን እየሄደ፣ የወዬሳ መብራት እዚያው ቦታ ላይ ይጠፋል። ሲያልፍ ይበራል። እንዲህ ያለ ነገር በኮልፌ ቋንቋ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው፤ ምልክት ነው። ከዛፉ ጀርባ የሚጠብቅ ሰው አለ፤ ወዬሳ መብራት በማጥፋት «እነሆ» እያለው ነው።

ነገሩን ለዋጋነሽ አወራላት።

«ታዲያ ለምን አይጠይቁትም?» አለች።

«ጠይቄ ምን ልሁን? ነቅቻለሁ ልበለው?»

«ምናልባት ባትሪው ደክሞ ይሆናል።»

«እኔ ጋ ሲደርስ የሚደክም ባትሪ የት አየሽ?»

«እንግዲያው ጆንያዋን ይተዉአት። እኔ መስፋቱን አቆማለሁ፣ እርስዎም እንቅልፍ ይተኛሉ።»

ይገዙ ግን አልተዋትም፤ ለዚህ ይመስገን። ፈሪ ቢሆን ኖሮ እንኳ ጫካ ያሉት ልጆች በጨው እጦት እንደ ወንድሙ እንዲያልቁ አይፈቅድም። የሚጥልበትን ሰዓት ብቻ ወዬሳ ከመምጣቱ በፊት ለማድረግ ሞከረ፤ ካሚዮን ደግሞ እንደ ሰው ሐሳብ አይሮጥምና መገናኘታቸው አልቀረም።

በዚሁ ሰሞን የወዬሳ ሚስት ጉዲቱ ለባሏ ባልደረባ ብላ አንድ ቅል እርጎ ይዛ ከቡራዩ ድረስ በእግሯ መጣች። ዋጋነሽ አመስግና ተቀበለች። ይገዙ ቅሉን ከፍቶ አሸተተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ፣ በመጨረሻ ለውሻው ደፋለት። ውሻው ልሶ ጨረሰና ጉዲቱ ስትመለስ እስከ አስኮ መንገድ ድረስ ጭራውን እየቆላ ሸኛት። ይገዙ ይህንንም አልወደደውም፤ ውሻዬን ገዙብኝ አለ።

መብራት ምን ማድረግ እንደሚችል ያየው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ምሽት በወታደር የታጀበ የሹም መኪና ከፊት ለፊቱ መጣ፤ ግንባሩ ላይ ሦስተኛ መብራት፣ የምጣድ ክዳን የሚያህል፣ ተተክሎበታል። ብርሃኑ የይገዙን ዓይን ሲመታው መንገዱ፣ ዳሩ፣ መሪውን የያዙት እጆቹ ሁሉ ጠፉበት። ነጭ ሆነ፤ መኪናው ሲያልፍ ደግሞ ዓለም ጥቁር ሆና በመሀሏ አረንጓዴ ክብ ይዋኝ ጀመር። ፍሬኑን ረግጦ ቆመ። ጎማው ገደሉ አፍ ላይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን «ይህ መብራት ሰው ይገድላል» ብሎ አማትቦ ይሄድ ነበር፤ ይገዙም አማተበ። ቤቱ ሲደርስ ግን ልቡ ሌላ ነገር ነገረው። ሹሙ ያን ጊዜ የይገዙን ፊት እንደ ቀን አይቶታል፤ ይገዙ ግን የሹሙን ጥላ እንኳ አላየም። ይህ መብራት ያለው ሰው ወዬሳ መብራቱን ባጠፋ ጊዜ ፊቱንም፣ ከጎኑ የተቀመጠውንም፣ ከዛፉ ኋላ የቆመውንም ያያል።

ጣሊያንን አንድም ነገር ለምኖ የማያውቅ ሰው በማግስቱ ኮንትራክተሩ ፊት ቆቡን አውልቆ ቆመ። ሽፍታ በዝቷል፣ መንገዱ ጨልሟል፣ ለካሚዮኑ ጠንካራ መብራት ይስጡኝ አለ። ሽፍታ ሲባል ጣሊያኑ ጆሮው ቆመ። ከተገለበጠ የጦር መኪና የተፈታ ትልቅ መብራት ተገኘና መካኒኩ ካሚዮኑ ግንባር ላይ ሰቀለለት። መካኒኩ ወደ መሬት ደፋ አድርጎ አስሮት ነበር፤ ይገዙ ሰው እስኪሄድ ጠብቆ ቡሎኑን አላላና ከፊት ለሚመጣ ሾፌር ፊት ትክክል እስከሚሆን ድረስ ቀና አደረገው።

ከዚያ ወዲያ የምዕራቡ መንገድ ሰላም አጣ። አስኮ ላይ የአንዱ በቅሎ ደንብራ ጭነቷን ቦይ ውስጥ ዘረገፈች። እንጨት ተሸክመው የሚገቡ ሴቶች በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፍነው መንገድ ዳር እየተደናበሩ ይቆማሉ። አንድ ጣሊያን ሾፌር መስኮቱን ከፍቶ እናቱን ጠርቶ ሰደበው። ለወትሮ ከወንድሙ ጋር ይውል የነበረ አምሐ የሚባል ባለ ጋሪ አንድ ቀን ደጁ ድረስ መጥቶ «ይገዙ፣ መብራትህን ዝቅ አድርገው። ፈረሴ ቀርቶ እኔም አላይም፤ አንድ ቀን ሰው ይሞትብሃል» አለው።

«ምን ይዘህ ነው መብራት የፈራኸው?» አለው ይገዙ።

አምሐ «ሣር ነው የያዝኩት» ብሎ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳው። ይገዙም አምሐን ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ደመረው። መብራቱን የሚጠላ ሁሉ የሚደብቀው ነገር አለ ብሎ ነበርና፣ በዚህ ስሌት የመንገዱ ሰው በሙሉ ባንዳ ሆኖ አረፈው።

በነሐሴ አንድ ምሽት፣ ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ጭቃ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ይገዙ መብራቱን አጥፍቶ ከድልድዩ ወዲህ ቆሞ ጠበቀ። ጆንያዋን ያን ቀን ሆን ብሎ አልያዘም። የወዬሳ ካሚዮን ግንዱን ተሸክሞ ቁልቁለቱን እያቃሰተ ወረደ። መታጠፊያውን ዞረ፤ የለመደው ቦታ ሲደርስም ጨለማው ውስጥ የቆመውን ካሚዮን ሳያይ መብራቱን ድርግም አደረገ። ፊት ጎማው ድልድዩን ሊረግጥ ሲል ይገዙ ትልቁን መብራት ለቀቀበት።

አየው። ሁሉንም አየ። ወዬሳ ብቻውን ነው። ከጎኑ ማንም የለም፣ ከዛፉ ኋላ ማንም የለም። ሰውየው አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ዓይኑን ጋረደ፤ አፉ ተከፈተ፤ ፊቱ ላይ ክፋት ቀርቶ ሐሳብ እንኳ አልነበረም፤ ብርሃን ድንገት የመታው የሽማግሌ ፊት ብቻ ነበር። ይገዙ መብራቱን ለማጥፋት እጁን ሲሰድ ካሚዮኑ ድልድዩን ስቶ በጎን ሄደ። ግንዶቹ ሰንሰለቱን በጥሰው እየተንከባለሉ ሲወርዱ ተሰማ፤ ከዚያ የወንዙ ድምፅ ብቻ ቀረ።

ይገዙ በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። ወዬሳ ከጋቢናው ወጥቶ ተወርውሯል፤ ግራ እግሩ ላይ ግንድ ተኝቶበታል። በኦሮምኛ ፈጣሪውን እየጠራ ነበር። ሰው መምጣቱን ሲሰማ «ማነው? ምንም አይታየኝም» አለ።

«እኔ ነኝ፣ ይገዙ።»

«እሰይ። አንተስ ደህና ነህ? አልተጋጨንም?»

ይገዙ በሁለት እጁ ግንዱን ለማንሳት ታገለ፤ አልቻለም። ወደ አስኮ ሮጦ ሰው ጠራ፤ አምሐ ጋሪውን አመጣና በእሱ ጭነው ወሰዱት። ሐኪም ቤት የወዬሳን እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

የጣሊያን ፖሊሶች፣ ካራቢኔሪዎቹ፣ ነገሩን እንዲሁ አልተዉትም። የጣሊያን ንብረት ገደል ገብቷል፤ ቦታው አርበኛ የሚርመሰመስበት ነው፤ ይህ አሻጥር መሆን አለበት አሉ። ያን ሰሞን ያገራችን ሰው በመሐላ እንደማይቀልድ ያስተማራቸው አስተርጓሚ ነበራቸውና፣ የሚመረመረውን ሁሉ መስቀል አስጨብጠው ያስምሉ ነበር። ይገዙን አስቀርበው መብራትህን በሰው ዓይን ላይ አብርተሃል ወይ አሉት። መስቀሉን ጨብጦ «አላበራሁም፤ ጭቃው አንሸራቶት ነው» ብሎ ማለ። ወጥቶ መስቀሉን የጨበጠበትን እጁን ግድግዳው ላይ ደጋግሞ ጠረገ። ከፍርሃቱና ከኀጢአቱ የቱን እንደሚጠርግ ራሱም አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሮው ኑሮ አልነበረም። ወዬሳ ገና አልተጠየቀም፤ ሲሻለው ይጠየቃል። ወዬሳ ደግሞ ሁሉን ያውቃል፤ ጆንያዋንም አይቷል፣ መብራቱንም ቀምሷል። አንድ ቃል ቢናገር ለይገዙ መስቀያ ራሱ የጫነውን ግንድ ነው የሚጠቀሙት። ዋጋነሽ በሶ አዘጋጀች፣ ወደ ጫካ የሚሄድበትን መንገድ መከሩ። ወዬሳ ተጠየቀ የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ ይገዙ ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ ደጁ ላይ ቆሞ የወታደር ጫማ ድምፅ ጠበቀ። ማንም አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ፍርሃቱ መልኩን ለወጠ፤ ይህ ሰው ካልሸጠኝ ምን ፈልጎ ነው ይል ጀመር። በመጨረሻ አላስችል አለውና ቡራዩ ሄደ።

ወዬሳ መደብ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ጉዲቱ በርጩማ አቅርባለት ወጣች። ይገዙ ግን መደቡ ጫፍ ላይ፣ ለበሩ ቀረብ ብሎ ተቀመጠ።

«ጋሽ ወዬሳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠይቅ።»

«እኔ ጋ ሲደርሱ መብራትዎን የሚያጠፉት ለምን ነበር?»

ወዬሳ ግር አለው። ይህን የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብሎ አላሰበም ነበር።

«እንዴ፣ አንተ አታውቅም እንዴ?» አለ። «መንገድ ላይ ሰው ስታገኝ ችቦህን ከኋላህ ታደርጋለህ። ሰው ፊት ላይ እሳት የሚያበራ ሌባ ፈላጊ ነው። እኛ ነጋዴዎች እንዲህ ነው ያደግነው።»

«ይህ ብቻ ነው?»

ወዬሳ ወደ በሩ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ምሽት እጅህ ላይ ጆንያ አየሁ። ምን እንደሆነ ገባኝ፤ የእህቴም ልጅ ጫካ ነው። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አንድ ቀን ጠርተው መስቀል ያስይዙኛል። ያየሁትን አላየሁም ብዬ በሐሰት ብምል ነፍሴን ልጥል ነው፣ አይቻለሁ ብል አንተን ልገድል ነው። እንግዲህ ምን ላድርግ? እዚያ ስደርስ አጠፋዋለሁ። ሁለተኛ እንዳላይ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርህማ ማወቄን ታውቅ ነበር፤ ያኔ እንቅልፍ አይወስድህም ብዬ ነው።»

ይገዙ አንገቱን ደፋ። ሊያወራው ያዘጋጀው ነገር ሁሉ፣ ማስተባበያውም፣ ልመናውም፣ ዛቻውም ጭምር፣ አፉ ውስጥ ቀረ። «ሲጠይቁዎትስ ምን አሏቸው?» አለ።

«ስለ ጆንያ አልጠየቁኝም። ስለዚያ ስለ መጨረሻው ምሽት ነው። መስቀሉን አስጨበጡኝና ‹ከፊት ለፊትህ ማን ነበር? ምን አየህ?› አሉኝ። ‹በማርያም፣ ምንም አላየሁም፤ ድልድዩን እንኳ አላየሁትም› አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ መብራትህ ዓይኔን ጨርሶ ጋርዶት ነበር።» ከዚያ የተቆረጠ እግሩ ላይ ያለውን ጋቢ አስተካከለ። «እግዜር ይስጥህ ይገዙ፤ በሐሰት አላስማልከኝም።»

ይገዙ ቀና ብሎ የሰውየውን ፊት መረመረ። ሽሙጥ ፈለገ፣ ቂም ፈለገ፣ የሚጠይቀው ውለታ ካለም ፈለገ፤ እንደ ልማዱ በዓይኑ ዳር ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ብዙ ጊዜ ወስዶ ፈለገ። ምንም አላገኘም። እዚያው መደቡ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ።